ጦሩ ባለፈበት መንገድ ዳር ምን ይጻፍ?

የጦርነት መታሰቢያ ሲባል ወደ አብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ጦርነቱ የተደረገበት ስፍራ ነው፤ ጀግናው የወደቀበት ኮረብታ፣ ጠላት የተማረከበት ሸለቆ፣ ወይም በከተማ አደባባይ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ንጉሥ። ወደ ጦርነቱ የሚወስደውን መንገድ ግን የሚያስታውሰው የለም ለማለት ይቻላል። ነገሩን ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው ግን ጦር ከሚዋጋባቸው ቀኖች ይልቅ የሚጓዝባቸው ቀኖች እጅግ የበለጡ ናቸው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ በዚያው ቀን አለቀ። ወደ ዓድዋ የዘመተው ጦር ግን ከአዲስ አበባ የተነሣው በጥቅምት ወር ነበርና ስለዚያች አንዲት ቀን ሲባል አራት ወር ከመንፈቅ ያህል በመንገድና በሰፈር ኖሯል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ጉዞ ዓድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰውን መንገድ በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶች ተነሥተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመዲናችን መካከል፣ በፒያሳ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶ ተመርቋል። መነሻው መታሰቢያ ካገኘ፣ መድረሻውም የዓድዋ ተራሮች ራሳቸው ከሆኑ፣ መካከሉስ? መንገደኛ መኪናውን አቁሞ፣ ወይም በእግሩ የሚሄደው ሸክሙን አውርዶ «ጦሩ በዚህ አለፈ» የሚል ጽሑፍ የሚያነብበት ድንጋይ በየአውራጃው ቢቆም መልካም ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ዳሩ ግን ድንጋይ ማቆም ቀላል ነው፤ ጭንቁ ያለው በድንጋዩ ላይ በሚጻፈው ነገር ነው። ስለዚህ ሐውልት ጠራቢው መሮውን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ነገር ለመናገር እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ብዙ ሰው «የዓድዋ መንገድ» ሲባል የሚያስበው ዛሬ አውቶቡስ የሚሄድበትን አስፋልት ነው፤ ይኸውም በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ነው። ይህ አውራ ጎዳና ግን በአብዛኛው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለመኪና ብሎ የቀየሰው ነው። የጣርማ በርን ዋሻ የቦረቦረውም እርሱ ሲሆን፣ ዋሻው በዚያን ጊዜ በፋሽስቱ መሪ በሙሶሊኒ ስም ይጠራ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ተሰብስቦ እንዲገናኝ በክተት አዋጁ የታዘዘው በወረኢሉ ነበር። ወረኢሉ ደግሞ ከዚህ አስፋልት ርቃ፣ ከደሴ በስተደቡብ ምዕራብ በደጋው ላይ የምትገኝ ናት። እንግዲህ ለቱሪስት ይመቻል፣ ለፎቶግራፍም ያምራል ተብሎ የዓድዋን ዘማች ድንጋይ በአስፋልቱ ዳር ብናቆመው፣ ዘማቹን የተሸነፈው ወገን ከዐርባ ዓመት በኋላ መጥቶ በሠራው መንገድ ላይ አስኬድነው ማለት ነው። ይህ ያስቃል፤ ቢሆንም የማይደረግ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ሰው በሚበዛበት ሳይሆን ጦሩ በነበረበት ይቁም። የወረኢሉ መንገድ የማይመች ከሆነ መንገዱ ይጠገን እንጂ ታሪኩ ወደ አስፋልቱ አይጎተት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ወደ ዓድዋ የሄደውን ጦር ብዛት ጸሐፊዎች በየግምታቸው ይለያዩበታል፤ ብዙዎቹ ግን ወደ አንድ መቶ ሺህ ያደርሱታል። በዚህ ላይ እህል የምትፈጨው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ በቅሎ የሚስበው ልጅ፣ አህያ የሚነዳው ሎሌ አለ። በጓዙ ውስጥ ባሮችም ነበሩ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ይህ ሁሉ ፍጥረት ምን ይበላ ነበር? በዘመኑ እንደ አውሮፓ መንግሥታት ለሠራዊቱ ስንቅ የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት፣ ዱቄት የሚያጓጉዝ ባቡር አልነበረንም። ዘማቹ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን ከቤቱ ቋጥሮ ይነሣል፤ እርሱ ሲያልቅ በደረሰበት አገር ያለው ይበላል።

እስቲ እንደ ተማሪ ቤት ልማዳችን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይበላል ብንል፣ አንድ መቶ ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይፈጃል። በአንድ ወር 15,000 ኩንታል ይሆናል። የበቅሎውና የፈረሱ ገብስ፣ የሚታረደው በሬና በግ፣ የሚማገደው እንጨት፣ የሚጋጠው ሣር በዚህ ውስጥ አልገባም። ይህ እህል ከሰማይ እንደ መና አልወረደም። ከስንቅ አቁማዳም ቢወጣ፣ ከመኳንንት ጎተራም ቢወጣ፣ መጀመሪያ የወጣው ከገበሬ አውድማ ነው።

ያውም በምን ጊዜ! ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ረኀብ ነበር። ለጣሊያን ጦር ተብሎ በምጽዋ በኩል ከገባው ከብት ጋር መጣ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ጠራርጎ ስለ ፈጀው፣ ገበሬው መሬቱን በመቆፈሪያ እየቆፈረ ለመዝራት ተገዷል። ዝናሙም ቀረ፤ አንበጣውም መጣ፤ ስንት መንደር ወና ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ነጋሪት ተጎስሞ ጦሩ ወደ ሰሜን ሲነሣ ያ ረኀብ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ ልጁን ቀብሮ፣ ጊደር ከዘመድ ለምኖ፣ እንደገና ጎጆውን ማቆም የጀመረ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከዘመቻው ቀደም ባሉት ዓመታት ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ መብላቱን እንዲተው፣ ገበሬውም በፈንታው አሥራት እንዲያወጣ ማዘዛቸው የዚህን ችግር ጥልቀት ማወቃቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ ሥርዐት በሰላም ጊዜ ይወጣል፤ መቶ ሺህ የራበው ሰው ሲያልፍ ግን ሥርዐቱ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ለማንም ግልጽ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ገበሬ ይህን የተናገረው በጨዋታ መካከል አይደለም።

ወደ ሰሜን በገፋ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ጦሩ በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሰ፤ ቀጥሎም በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ብልኀት የምሽጉ ውኃ እንደ ተያዘና ጠላት በጥም ተቃጥሎ እንደ ለቀቀ የማያውቅ የለም። ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይማሩበታል። ያን ያህል የማይታወቀው ግን የትግራይ ገበሬ በዚያ ዓመት ሁለት ሠራዊት አንድ ጊዜ መመገቡ ነው፤ በአንድ በኩል ጣሊያን፣ በሌላ በኩል የወገን ጦር። በየካቲት ወር ዓድዋ አጠገብ ሁለቱ ሠራዊቶች ተፋጠው ሲቀመጡ በሁለቱም ሰፈር ስንቅ ተመናምኖ ነበር። የእኛ ጦር በዚያ ስፍራ ብዙ ሊቆይ የማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪም ስንቁ ከማለቁ በፊት መግጠም ወይም ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። ገጠመ፤ ተሸነፈም። የዓድዋን ድል በጦር ስልት ብቻ ለሚተረጉሙ ሰዎች የምለው ይህን ነው፤ በዚያች ሌሊት ጄኔራሉን ከምሽጉ ያስወጣው አንዱ ነገር ባዶ ጎተራ ነበር። የእኛንም ጦር እስከዚያች ሌሊት ያቆየው የገበሬው እህል ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1864፣ ጄኔራል ሸርማን የተባለው የሰሜኑ ጦር አዛዥ 60,000 ያህል ወታደር ይዞ ከአትላንታ ተነሥቶ በጆርጂያ ግዛት አቋርጦ ሳቫና እስከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ድረስ ተጓዘ። ከኅዳር እኩሌታ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጦሩ ከኋላው ስንቅ ሳይጠብቅ ከየእርሻው እየወሰደ በላ፤ የባቡር ሐዲዱን ነቀለ፤ ጎተራውንና ፋብሪካውን አቃጠለ። የጆርጂያ መንግሥት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ዳር ከብረት የተሠሩ ሰሌዳዎች አቁሟል። ዛሬ በአትላንታና በአካባቢዋ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በእነዚህ ሰሌዳዎች አጠገብ ነው የሚያልፉት። ከሰሌዳዎቹ ብዙዎቹ የትኛው የጦር ክፍል በየትኛው ቀን በየትኛው መስቀለኛ መንገድ አለፈ የሚለውን የሚናገሩ ናቸው፤ ለጦር መኰንን እንጂ ለመንገደኛ የተጻፉም አይመስሉም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ለብዙ ዘመን ሳይጻፍ የቀረው ነው። ጦሩ ሲያልፍ ከየእርሻው ነፃ የወጡ ጥቁር ባሮች፣ ሽማግሌውም ሴቱም ሕፃኑም፣ በሺህ እየሆኑ ይከተሉት ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1864፣ አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኤቤነዘር የሚባል ወንዝ ላይ ሲደርሱ አንዱ ጄኔራል ወታደሮቹ በተንሳፋፊው ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ድልድዩን አስነሣው። ከኋላ የደቡብ ፈረሰኛ እየደረሰ፣ ከፊት ቀዝቃዛ ጎርፍ ሆኖ፣ ብዙዎቹ ወደ ውኃው ዘለው ሰጠሙ፤ የቀሩትም ተይዘው ወደ ባርነት ተመለሱ። (ይህ የሰሜን ጄኔራል ስሙ ጄፈርሰን ዴቪስ መባሉ፣ ማለት ከጠላቱ ፕሬዚዳንት ስም ጋር አንድ መሆኑ፣ ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» የሚባልበት ነገር ነው።) የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች በቆሙበት ዘመን በጆርጂያ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይቶ በአንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ አይቀመጥም ነበርና፣ በዚህ ወንዝ ዳር ስለ ሰጠሙት ሰዎች ሰሌዳ የሚያቆምላቸው አልነበረም። በኋላ ግን ቆመ፤ የቆመውም ጦርነቱ ካለፈ ከመቶ ዓመት እጅግ ዘግይቶ ነው። ጦሩ የመጣው ባርነትን ከሚያጠፋው ወገን መሆኑ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ በወንዙ ዳር የተደረገውን መጻፍ የጦሩን ዓላማ አላረከሰውም።

ይህን ረቂቅ ያነበበ አንድ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ «አንተ ደግሞ! በጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ላይ የጤፍ ሒሳብ ታወጣለህ?» ብሎ ተቈጣኝ። ቍጣውን አልንቀውም። ዓድዋን ለማሳነስ የሚጥር ሰው እንዳለ አውቃለሁና፣ ስለ ገበሬው ጎተራ ማንሣት ለእነዚያ ሰዎች ዱላ ማቀበል መስሎ ታይቶት ይሆናል። በበኩሌ ግን የተገላቢጦሹን ነው የማየው። ድሉን የነገሥታትና የመሳፍንት ብቻ ያደረግነው ጊዜ ያሳነስነው ያን ጊዜ ነው። ከረኀብ ገና የተነሣ አገር መቶ ሺህ ሰው አራት ወር ተኩል ቀልቦ አንድ የአውሮፓ መንግሥትን ድል ማድረጉ ከየትኛውም የፈረሰኛ ሥዕል ይልቅ ያስደንቃል። ይህም ሲባል ገበሬው ሁሉ እህሉን በእልልታ ሰጠ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። የሰጠም አለ፤ የተወሰደበትም አለ። ሚስቱንና በቅሎውን ይዞ አብሮ የዘመተም አለ። ድንጋዩ ለሦስቱም ቦታ ይኑረው።

ወዳጄ ዝም ብሎ አልተወኝም፤ «እሺ፣ ግን ይህ ሁሉ ያለፈ ነው፤ ዛሬ ማን ይቀየማል?» አለኝ። ለዚህ መልሱ በመንገዱ ላይ ይገኛል። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ የወገን ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያፈገፍግ ከላይ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ሲያዘንብበት፣ ከጎን ደግሞ ከራያና ከአዘቦ ሰዎች ብዙዎቹ ተኩሰውበታል። ጣሊያን ገንዘብና ጠመንጃ እንደ ሰጣቸው ተጽፏል፤ ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ሰውን በወገኑ ላይ አያስነሣም። ከዚያ በፊት ስንት የመንግሥት ጦር በዚያ አገር ላይ ለቅጣት እንደ ዘመተ የሚያውቅ ሰው ቂሙ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም። በቅርቡ ደግሞ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት በቆመው ጦርነት፣ ይኸው መንገድ ከዓድዋ አንሥቶ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ጦር አይቷል። በኮረም፣ በአላማጣ፣ በወልድያ፣ በኮምቦልቻ መንገድ ዳር የምትኖር አንዲት እናት «ጦር በዚህ አለፈ» የሚል ድንጋይ ስታይ በመጀመሪያ የምታስታውሰው 1888ን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም።

ለዚህ ነው በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ቃል የአንድ ኮሚቴ ሥራ ብቻ እንዳይሆን የምለው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ታሪኩን ይመርምር፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም ስፍራውን ይለካ፤ ይህ ተገቢ ነው። ጽሑፉ ግን ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ተጽፎ በየአገሩ በገበያ ቀን ይነበብ። የሚቃወም ይቃወም፤ የሚጨምር ይጨምር። ቋንቋውም ድንጋዩ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ የሚናገረው ይሁን። በትግራይ የሚቆመው በትግርኛ፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት የወሎ ምድር የሚቆመው በኦሮምኛ ይጻፍ፤ አማርኛው ከጎኑ ይከተል። ጎረቤቱ የማያነበው ድንጋይ ለከብት ማከኪያ ከመሆን አያልፍም።

የጽሑፉንም አኳኋን በምሳሌ ላሳይ። በወረኢሉ የሚቆመው እንዲህ ቢል ምን ይጎድለዋል? «በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የሚዘምተው የሸዋ ጦር በዚህ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ አገሩ ከክፉ ቀን ረኀብ ገና መነሣቱ ነበር። ጦሩ የዚህን አገር ሰው እህል በልቶ ሄደ።» ከዚህ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ስም ይከተል። በመቀሌም የውኃው ነገር ሲጻፍ ውኃውን ለጦሩ ሲቀዱ የነበሩት ሴቶች አይዘለሉ። «ጀግናው»፣ «አይበገሬው»፣ «ዘላለማዊው» የሚሉት ቃላት ለበዓል ንግግር ይቆዩልን፤ ድንጋይ ላይ ፊደል በዋጋ ነው የሚቀረጸው፣ መንገደኛውም ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው።

ሥራው ይጀመር ከተባለም ከወረኢሉ ይጀመር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ወደዚያ ይላክና ድንጋዩ የሚቆምበት መሬት የማን ማሳ እንደሆነ ይጠይቅ። ለድንጋዩም ስፋት፣ ቆሞ ለሚያነበውም ሰው መቆሚያ የሚወሰደው መሬት በእርምጃ ተለክቶ፣ ከዚያ መሬት በዓመት የሚገኘው እህል ተገምቶ፣ ዋጋው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ለባለ ማሳው በእጁ ይሰጠው።